ሐኪም ያልከለከለኝ ሾርባ

ስለ ምግብ አሠራር በተማሪዎች መጽሔት ላይ መጻፍ የሚያስቅ ነገር መሆኑን ዐውቃለሁ። ይህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ይዞታና ስለ ተማሪው ግዴታ የምንከራከርበት ስለ ሆነ፣ እኔ ድስትና ጭልፋ ይዤ ስመጣበት አንዳንዱ ጓደኛዬ «ይኸ ሰው ኮሪያ ድረስ ሄዶ የተማረው ይህን ነውን?» ማለቱ አይቀርም። አዎን፣ ከተማርሁት አንዱ ይህ ነው። ጃምፖንግ የሚባለውን ሾርባ በቤት ውስጥ መሥራት ተምሬአለሁ። ለዚህም ሰባት ወር ፈጅቶብኛል፤ ሰባቱን ወር የፈጀው ግን የሾርባው አስቸጋሪነት ሳይሆን የእኔ ውሸት ነው።

ነገሩን ከመነሻው ልጀምር። በ2023 (ዓመቱን ሁሉ የምቆጥረው በፈረንጆች ነው) በመጋቢት ወር ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደ ደቡብ ኮሪያ ሄጄ በኢንቾን ከተማ ተቀመጥሁ። ኢንቾን ከዋናው ከተማ ከሴኡል በስተ ምዕራብ ያለች የወደብ ከተማ ናት። እኔና አንድ የምሕንድስና ተማሪ ከአንዲት አሮጊት ቤት ላይ፣ የላይኛውን ፎቅ ሁለት ክፍልና አንድ ማድቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤቲቱ በእኛ አገር ቢሆን «እትዬ» ብለን የምንጠራቸው ዓይነት ሴት ናቸው፤ እኔም በልቤ እንደዚሁ እላቸው ስለ ነበር እዚህም እንደዚሁ እጠራቸዋለሁ።

አብሮኝ የሚኖረው ልጅ የተወለደው ኢንቾን ነው። አባቱም አያቱም የተወለዱት እዚያው ነው። በኪሱ የሚይዘው የመታወቂያ ወረቀት ግን የውጭ አገር ሰው ይለዋል። ምክንያቱም «ኋግዮ» ከሚባሉት፣ በኮሪያ ለብዙ ትውልድ ከኖሩት ቻይናዎች ወገን ስለ ሆነ ነው። የእነዚህን ሰዎች ታሪክ ሳይነግሩ ስለ ሾርባው መናገር፣ ስለ ጠጅ እያወሩ ማርን እንደ መርሳት ይሆናል።

በ1882 የቻይና መንግሥትና የኮሪያ መንግሥት የንግድ ውል ተዋዋሉ፤ በ1883 የኢንቾን ወደብ ተከፈተ። ከቢጫው ባሕር ማዶ ካለው ከሻንዶንግ አገር ነጋዴው፣ ተሸካሚው፣ አትክልተኛውና ወጥ ቤቱ እየተሻገረ መጣ። ኑሮአቸው ግን በሰላም ብቻ አልሄደም። በ1931፣ ኮሪያ በጃፓን እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ በከተሞቹ ብጥብጥ ተነሥቶ ከመቶ በላይ ቻይናዎች ተገድለዋል። ከዚያም ቻይና በ1949 ኮሚኒስት ስትሆን የባሕሩ ንግድ ተቋረጠ። በ1961 ደግሞ የውጭ አገር ሰው የመሬት ባለቤት እንዳይሆን የሚያግድ ሕግ ወጣ፤ ይህም ሕግ ጨርሶ የተለወጠው በ1998 ነው። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙት በ2002 ነው። እንግዲህ ንግዱ የተዘጋበት፣ እርሻውም የተከለከለበት ሰው ምን ይሠራል? ምጣድ ይይዛል። ብዙዎቹ ምግብ ቤት ከፈቱ፤ የቀሩትም ወደ አሜሪካና ወደ ታይዋን ተሰደዱ። የጓደኛዬ አባት ምጣድ ከያዙት አንዱ ነበሩ፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት ሞተዋል።

ጃምፖንግ እንግዲህ የእነዚህ ወጥ ቤቶች ሥራ ነው። በሰፊ ጎድጓዳ ሳሕን ቀይ ሾርባ፣ በሾርባው ውስጥ ወፍራም የስንዴ ኑድል፣ በኑድሉም ላይ የባሕር ፍጥረት ሁሉ ተከምሮበት ይቀርባል። ስሙ «ቻምፖን» ከሚለው የጃፓን ቃል የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው ቅይጥ ማለት ነው። በጃፓን አገር በናጋሳኪ ከተማ ቼን ፒንግሹን የሚባል ከፉጂየን የመጣ ቻይናዊ በ1899 ሺካይሮ የሚባል ምግብ ቤት ከፍቶ ይህን የመሰለ ነጭ ሾርባ ለድኾች የቻይና ተማሪዎች ይሸጥ ነበር ይባላል። ሻንዶንጎቹ ደግሞ ሾርባው የእኛው ነው፣ ከጃፓን የተዋስነው ስሙን ብቻ ነው ይላሉ። የኮሪያ የቋንቋ ተቋምም ስሙ የባዕድ ነውና «ቾማምየን» በሉት ብሎ ምክር ሰጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሰው እንኳ በዚህ ስም ሲያዝ አልሰማሁም። (በእኛም አገር በኮሚቴ ተፈጥረው በወረቀት ላይ የቀሩ ቃላት ስላሉ ብዙ አልሳቅሁም።) ዱሮ በኮሪያም ነጭ ነበር ይላሉ፤ በርበሬውን ያገባበት የኮሪያ ሰው አፍ ነው። በርበሬ ራሱ ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ በመርከብ ዓለምን የዞረ ተክል መሆኑን ሳስብ፣ በዚያች ሳሕን ውስጥ አገሩ ላይ ያለ ነገር ብፈልግ ማግኘት አልቻልሁም።

አሁን ወደ ውሸቴ ልመለስ። በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ መምህር አዲሶቹን ተማሪዎች ሰብስበው ወደ ቻይናዎቹ ሰፈር ምሳ ወሰዱን። ሰፈሩ የጄኔራል ማካርተር ሐውልት ከቆመበት መናፈሻ ሥር ያለ ቁልቁለት ነው። ለሁላችንም ጃምፖንግ ታዘዘ። ሳሕኑ ፊቴ ሲቀመጥ በመጀመሪያ ያየሁት ጥቁር ቅርፊታቸውን እንደ መጽሐፍ ገልጠው የተኙትን ሆንግሃፕ የሚባሉ የባሕር ፍጥረቶች ነው። ከእነርሱ ሥር አጥንት የሌለው፣ ዐሥር ክንድ ያለው ኦጂንጎ ተቆራርጦ ተኝቷል። ሽሪምፑም ከነዓይኑ ያየኛል።

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ጾሙንም ቢሆን አጥብቄ ጠብቄአለሁ ብዬ አልመካም። ነገር ግን ያደግሁት በኦሪቱ ሥርዓት መሠረት ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት በማይበላበት ቤት ነው። እርግጥ ነው፣ በአማርኛ ከተከራከርን ሆንግሃፕም ቅርፊት አለው፤ ሽሪምፑም አለው፤ ይህም ክርክር በዚያች ደቂቃ በሐሳቤ አልፎ ነበር። ዳሩ ግን ኦሪቱ የሚለው የዓሣውን ቅርፊት እንጂ ይህን በር የመሰለውን አለመሆኑን ሕፃንም ያውቀዋል። ከእኔ ጋር የነበረ አንድ ሙስሊም የአገራችን ልጅ፣ የአሳማ ሥጋ እንዳለበት ጠይቆ፣ አለበት ቢሉት «በሃይማኖቴ አልበላውም፤ ያለ እርሱ ይሥሩልኝ» አለ። ተሠራለትና በላ። ነገሩ ይኸው ነበር፤ በሁለት ቃል አለቀ።

እኔስ? እኔ «ሐኪም ከልክሎኛል» አልሁ። «የባሕር ነገር ከነካሁ ሰውነቴ ያብጣል።»

ለምን ይህን አልሁ? ሰዎቹን ላለማስቀየም ነው ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ እውነት አይደለም። እውነቱን የምናገር ከሆነ፣ ኋላ ቀር እንዳልባል ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ከኢትዮጵያ ድረስ የመጣ ሰው፣ በሦስት ሺሕ ዓመት ሕግ ምክንያት አንድ ቀንድ አውጣ መሳይ ፈራ እንዳይሉኝ ነው። ሐኪም ግን ሥልጡን ነገር ነው፤ ሐኪም ከልክሎኛል የሚልን ሰው ማንም አይስቅበትም። መምህሩም በዚያው ምሳ ላይ ስለ ቃኘው ሻለቃ አንሥተው፣ ወታደሮቻችን በ1951 መጥተው ለኮሪያ እንደ ተዋጉ፣ 121 ጀግኖችም እንደ ሞቱ ለተማሪዎቹ ሲነግሩ፣ ሁሉም ዘወር ብለው በአክብሮት አዩኝ። የእነዚያ ጀግኖች ወገን ነጭ ሩዝ እያላመጠ አንገቱን ደፋ።

ይህ ውሸት እዚያው ምሳ ላይ ቢቀር ኖሮ አልጽፈውም ነበር። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ግን ሰማ። ሰምቶም አመነኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሽሪምፕ የነካውን ድስት ሁለት ጊዜ ያጥብ ጀመር፤ አንድ ጊዜ በሳሙና፣ አንድ ጊዜ በፈላ ውኃ። ለእኔ የተለየ መክተፊያ ገዝቶ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት። ሌሊት ከሳልሁ ተነሥቶ በሬን ያንኳኳል። ውሸታም ሰው እንዲህ ያለ ደግነት ሲገጥመው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አመሰገንሁና ዝም አልሁ።

በሰባተኛው ወር፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ እትዬ ደረጃውን ወጥተው በር ላይ ቆመው አነጋገሩኝ። የዚያ ሳምንት ቅዳሜ የልጁ አባት የሞቱበት ቀን መሆኑን ነገሩኝ። በየዓመቱ በዚያች ቀን ልጁ የአባቱን ጃምፖንግ ይሠራና ለእርሳቸውም አንድ ሳሕን ያወርድላቸው ነበር። ዘንድሮ ግን «አልሠራም፤ እንፋሎቱ ልጁን ይጎዳዋል» ብሏቸዋል። ልጁ የተባልሁት እኔ ነኝ። እትዬ የመጡት፣ ቅዳሜ ለጥቂት ሰዓት ወጣ ብዬ ብቆይ እንደሆን ሊለምኑኝ ነው።

በዚያ ማታ ነገርሁት። የተናገርሁትን ኮሪያኛ አሁን ባስታውሰው ያሳፍረኛል፤ «ሃይማኖት» የሚለውን ቃል በትክክል ሳልናገር ሦስት ጊዜ ደጋገምሁት። እርሱም እስክጨርስ አዳመጠኝና፣ አልተቆጣም፣ አልሳቀምም፤ ተነሥቶ ያን መክተፊያ ከመደርደሪያ አንሥቶ ቀዩን ምልክት ተመለከተው። «እኔ እኮ ጠይቄህ ቢሆን እንኳ እንዲህ አላፍርም ነበር» አለኝ። «አያቴ ፊት ስለ አማልክቱ የማይሆን ነገር ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ ምን ነበረበት?» ቀጥሎም ሁለት ቀን አላነጋገረኝም። እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ስድብ ይሻላል።

ዓርብ ዕለት ካሳ ልክፈል አልሁት። ሾርባውን እኔ ልሥራው፤ አንተ ንገረኝ፤ በርበሬ እንደሆነ የእናቴ ሙያ ነው አልሁ። እርሱም ከአባቱ ተምሮት እንዳልሆነ ነገረኝ። አባቱ «አንተ ተማር፣ ምጣድ አትንካ» እያሉ ከማድቤት ያባርሩት ስለ ነበር፣ የሚያውቀው በበር ሽንቁር ያየውን ብቻ ነው። እንግዲህ አንዱ በበር ሽንቁር ያየውን ይናገራል፤ ሌላው ሊቀምሰው የማይችለውን ይሠራል። በዚህ ዓይነት ነው የጀመርነው።

በማለዳ ወደ ዮናን ወደብ የዓሣ ገበያ ሄደን አንድ ኦጂንጎ፣ ዐሥራ ሁለት ሆንግሃፕና ስድስት ሽሪምፕ ገዛን። ሆንግሃፕ ሕያው መሆን አለበት፤ አፉን ከፍቶ ሲገኝ መታ መታ ያደርጉታል፤ ካልዘጋ ሞቷልና ይጣላል። ሲቀቀል ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አልከፍት ያለው ይጣላል። በጎኑ ያለውን ጢም የመሰለ ክር መንቀልና ቅርፊቱን በብሩሽ መፈግፈግ የእኔ ድርሻ ሆነ። መንካት አልተከለከልሁምና።

ሌላው ዕቃ ከእኛ ጉሊት የሚገኝ ነው፤ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮት፣ ግማሽ ዝኩኒ፣ እንጉዳይ፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል። በምግብ ቤት መረቁ የሚወጣው ለብዙ ሰዓት ከተቀቀለ አጥንት ነው፤ የአሳማ ሥጋም ይገባበታል። እኛ ዳሺማ የሚባለውን የደረቀ የባሕር ቅጠልና ደረቅ እንጉዳይ በአንድ ሊትር ተኩል ውኃ አፍልተን መረቅ አወጣን። ይህን ያመጣው እርሱ ነው። ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

የመጀመሪያውን ምጣድ አበላሸሁት። እኔ በርበሬ ስል የማውቀው ቁሌትን ነው፤ ሽንኩርቱ ቀስ ብሎ ይቁላላል፣ በርበሬው ይገባል፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ እየጨመሩ ጥሬነቱ እስኪጠፋ ሩብ ቀን ቢሆንም ይታገሡታል። የኮሪያው ጎቹጋሩ ግን ሌላ ቅመም ያልገባበት የተፈጨ በርበሬ ብቻ ነው። ደማቅ ቀይ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ከእኛ ይልቅ የዋህ ነው። እኔ በትዕግሥት አርባ ደቂቃ ሳማስለው ቀለሙ እንደ አሮጌ ጡብ ሆነ፤ ሽታውም መረረ። ጓደኛዬ በጭልፋ ጫፍ ቀምሶ፣ «ይህ የሐዘን ነው» አለ። ከሁለት ቀን በኋላ መሳቁ ነበርና ደስ አለኝ።

ሁለተኛውን እንዲህ ሠራን። በጎድጓዳው ምጣድ አራት ማንኪያ ዘይት ግሎ፣ ባሮ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ገቡ፤ ሽታው ሲነሣ እሳቱ ዝቅ ተደርጎ ሦስት ማንኪያ ጎቹጋሩ ገባና አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ዘይቱ ቀላ። ወዲያው እሳቱ እስከ መጨረሻው ተለቀቀና አትክልቱ ሁሉ በአንድነት ተጣለበት። እዚህ ላይ ትዕግሥት ኀጢአት ነው፤ ሁለት ደቂቃ መገለባበጥ ብቻ። ሁለት ማንኪያ ሶይ ሶስ በአትክልቱ ላይ ሳይሆን በጋለው የምጣዱ ጠርዝ ዙሪያ ይፈስሳል፤ ተቃጥሎ ጢስ ስለሚያወጣ ሾርባው የሚሸተው ያንን ነው። ከዚያ መረቁ። አንድ ጊዜ ሲንተከተክ ጨው።

እዚህ ላይ እጄን ያዘኝ። በደንቡ የባሕሩ ነገር ከአትክልቱ ጋር ቀድሞ መገባት ነበረበት፤ አባቱ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። እርሱ ግን ሦስት ጭልፋ ሾርባ ከነአትክልቱ አውጥቶ በአንድ ሳሕን ለብቻ አስቀመጠና ክዳን አደረገበት። ኦጂንጎውንና ሆንግሃፑን ወደ ምጣዱ የጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። የባሕር ቅጠሉ መረቅ ምሥጢሩ ይህ ኖሯል። ሦስት ደቂቃ አፈላነው፤ ኦጂንጎ ከዚያ ካለፈ እንደ ጫማ ሶል ይሆናል። ኑድሉን ለብቻው ቀቅለን በቀዝቃዛ ውኃ አጥበን፣ እንደገና በፈላ ውኃ ነከር አድርገን በሳሕኖቹ አካፈልነው።

አንደኛው ሳሕን ለአባቱ ፎቶግራፍ ፊት ተቀመጠ። ሁለተኛውን ለእትዬ አወረደ። ሦስተኛው የእርሱ፣ ክዳን ያለው የእኔ። ስለ እኔው ሳሕን የምመሰክረው፣ ጎመኑ ገና ሲሰበር ይሰማ እንደ ነበር፣ ሾርባውም ግንባሬን እንዳላበኝና አፍንጫዬን እንዳራሰኝ ነው። ዘይትና አትክልት ብቻ ስለ ሆነ ለዐርብም ለረቡዕም ይሆናል፤ በዚህ ዓመት በሁዳዴ ሁለት ጊዜ ሠርቼዋለሁ፤ ጎቹጋሩ ባጣ ያልተቀመመ ድልህ በርበሬ አድርጌበታለሁ።

ጓደኛዬ የራሱን እስከ ግማሽ በልቶ የመብያ እንጨቶቹን አስቀመጠ። «የአባቴ አይደለም» አለ። ጠበቅሁ። «ጭሱ ጎድሏል። የአባቴ ምጣድ ላይ እሳቱ እስከ ደረታቸው ይመጣ ነበር።» ከዚያም ቀሪውን ጨረሰ፤ መረቁንም ጠጣው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰገነቱ ላይ ትልቅ የጋዝ ምድጃ አወጣንና እንደገና ሞከርን። በርበሬው ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ነፋስ ተነሥቶ ጭሱን በደረጃው ቁልቁል ላከው። እትዬ ቤቱ የተቃጠለ መስሏቸው ባልዲ ይዘው፣ እያነጠሱና እየሰደቡን ወጡ። ነገሩን ሲረዱ ባልዲውን አስቀምጠው፣ ምጣዱን አይተው፣ ኦጂንጎው አነሰ አሉ። ሲበሉም፣ ሰውዬው ዱሮ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ ያደርጉበት እንደ ነበር ነገሩን። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር። ኮምጣጤው ማድቤት ነውና እኔ ልወርድለት ተነሣሁ።